የወይዘሮ አስካለማርያም ደብዳቤ

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ድሬዳዋ በሙቀት ጭጭ ባለችበት ሰዓት፣ አቶ መርዕድ ጋደም እንዳሉ ሕልም አዩ።

በሕልማቸው የድሮ መሥሪያ ቤታቸው ገቡ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ፣ ኮምፒውተሩን በስልክ መስመር የሚያገናኙትን ሞደሞች የሚጠግኑት እሳቸው ነበሩ። አሁን ግን ሞደሞቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰው ይጠግናሉ። ሰዎቹ ጆሯቸው ላይ የስልክ ገመድ ተሰክቶ ተሰልፈዋል፤ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር የሚወጣው ፉጨት ብቻ ነው።

«ስም?» አላቸው አንዱ ሞደም ጥርት ባለ አማርኛ።

«መርዕድ» ሊሉ ነበር። ከአፋቸው የወጣው «ጰ#ዥ፤ሯሯ» ሆነ።

«ተዘባርቋል። እንደገና ይግቡ።»

«ጰ#ዥ...»

«ፍጥነትዎን ይቀንሱ እንጂ ሰውዬ! መስመሩ ይህን ሁሉ አይችልም!»

አፈሩ። ለሠልጣኝ ሁሉ ሲመክሩት የኖሩት ይህንኑ ነበር፦ ፊደሉ ሲዘባረቅ መስመሩን ዝጋ፣ ፍጥነቱን ዝቅ አድርግ፣ እንደገና ደውል። ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። ወይዘሮ አስካለማርያም የመጡ ዕለት ግን አላደረጉትም።

ያኔ የሴትዮዋ ባል ናይሮቢ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። አስታማሚው የላከው ደብዳቤ ኮምፒውተሩ ላይ ሲከፈት፣ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ሆነ። ቀኑ ዓርብ ነው፤ አቶ መርዕድ ደግሞ ሐረር ሠርግ ተጠርተዋል። «ችግሩ ከላኪዎቹ ነው፤ ሰኞ ይመለሱ» ብለው ቆልፈው ሄዱ። ሰኞ ሲነበብ «ቶሎ ነይ፣ ስምሽን ይጠራል» ይላል። ሰውየው እሑድ አርፏል።

በሕልማቸው ከመሥሪያ ቤቱ ሸሽተው ወጡ። ተሳፋሪዎች ባቡሩን ተሸክመው ይሮጣሉ፤ ባቡሩ «ቀስ በሉ፣ ወገቤን!» እያለ ያማርራል። ከዚራ ሰፈር ሲደርሱ ዛፎቹ በሰው ጥላ ሥር ተቀምጠው ያርፋሉ። የወይዘሮ አስካለማርያምን በር አንኳኩ። የከፈተላቸው ደብዳቤው ራሱ ነው፤ ጫማ አድርጎ ያነክሳል።

«ዘገየህ፤ በል አንብበኝ» አላቸው።

አነበቡት። አንድም ፊደል አልጠፋም። እየሮጡ ገብተው ለሴትዮዋ ሊነግሩ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ያ ፉጨት ወጣ። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

«ግድ የለም፤ ሰኞ እመለሳለሁ» አሉ በትሕትና።

ላብ በላብ ሆነው ነቁ። ስልካቸውን አነሡ። ቁጥሩን ከያዙት ዓመታት አልፈዋል፤ ደውለው ግን አያውቁም።

«ሃሎ፣ ወይዘሮ አስካለ? መርዕድ ነኝ፤ የኮምፒውተር ቤቱ...»

«ውይ! መርዕድ ወንድሜ! እግዜር ነው ያመጣዎት!»

«አንድ የምነግርዎት ነገር...»

«እኔ ልንገርዎ እንጂ! ያን ጊዜ ቅዳሜና እሑድን እንቅልፍ በዓይንዎ ሳይዞር ከመስመሩ ጋር ሲታገሉልኝ እንደሰነበቱ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ነግሮኛል። ለልጆቼ ሁሌ አነሣዎታለሁ። አንድ ሰው እንኳ ለባሌ ለተካልኝ ደክሞለታል እያልኩ ነው የተጽናናሁት። እግዜር ውለታዎን ይክፈልዎ!»

መስመሩ ኩልል ያለ ነበር፤ ትንፋሻቸው ሳይቀር ይሰማል።

«አሜን» አሉ አቶ መርዕድ።