ፍየሏ የበላችው ደብዳቤ

የአሰብ ፍየል ምን እንደምትበላ ታውቃላችሁ? ሣር እንዳትሉኝ። ሣር ከየት መጥቶ! ካርቶን ነው የምትበላው። እኔ ደግሞ በአሥር ዓመቴ ደብዳቤ አበላኋት።

አባቴ የወደብ መካኒክ ነበር። ሙቀቱ ስላንገሸገሸው ወደ አዲስ አበባ ለመዛወር አመልክቶ መልሱን በየቀኑ ይጠብቃል። እኔ ግን መሄድ አልፈልግም። የጎረቤታችን ልጅ ፋጡማ አለቻ! ከእሷ ተለይቼ ምን ልሆን?

አንድ ቀን እናቴ ገበያ ሄዳ ሳለ የመሥሪያ ቤቱ ተላላኪ መጣና "ለአባትሽ ስጪ" ብሎ ፖስታ ሰጠኝ። ማኅተሙን ሳይ የዝውውሩ መልስ መሆኑን አወቅኩ። አልከፈትኩትም። በቀጥታ ወደ ፋጡማ ፍየል ወሰድኩት። ምን ታደርግ፣ በላችው።

አባቴ ከሥራ ሲመለስ ገና ከበሩ "ደብዳቤው የታለ?" አለኝ። ለካ ቢሮ ነግረውታል። "መስኮት ላይ አስቀምጬው የፋጡማ ፍየል በላችው" አልኩ። ውሸቴ ግማሽ ብቻ ነበር።

አባቴ እየተንደረደረ የፋጡማ አባት አቶ አሊ ቤት ገባ። አቶ አሊ በአሰብ አቅራቢያ ካለችው የባሕር ዳርቻ መንደር ከበይሉል ናቸው፤ ዓሣ አጥማጅ፣ ረጋ ያሉ። "አሰላሙ አለይኩም" ቢሉት አልመለሰም።

"ፍየልህን አታስርም?"

"አንተስ ደብዳቤህን አታስቀምጥም?"

ነገሩ ከረረ። በመጨረሻ አቶ አሊ "ከጎረቤት የምታጣላኝን ፍየል አላኖርም። ነገ አርዳታለሁ" አሉ።

ጠዋት ስወጣ ቢላዋው ተስሏል። ፋጡማ ከግልገልነቷ ያሳደገቻትን ፍየል አንገቷን አቅፋ ታለቅሳለች። አባቴ ወደ ሥራ ሊሄድ ደጃፍ ቆሟል። ዝም ብል ፍየሏ አለቀላት፤ ብናገር እኔ አለቀልኝ።

"እኔ ነኝ ያበላኋት!" ብዬ ጮህኩ። "አዲስ አበባ እንዳንሄድ ብዬ ነው!"

አባቴ ቀበቶውን ሲፈታ አቶ አሊ ቢላዋውን ጥለው መሃል ገቡ። "ተው፣ ልጅ ናት" አሉት። ያም ሆኖ ለሦስት ቀን መቀመጥ አቅቶኝ ነበር።

በሳምንቱ የደብዳቤው ግልባጭ መጣ። ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም፤ ባለህበት ቀጥል ይላል። አባቴ አንብቦ ጨረሰና ወደ እኔ ዘረጋው። "ይኼንንም ለፍየሏ ስጪያት" አለኝ።

እየበረርኩ ሄድኩ። ፋጡማ በሩን ከፈተችና ፍየሏን ከኋላዋ ደበቀች። "የእኔ ፍየል ካንቺ እጅ አትበላም። ባንቺ ውሸት ልትታረድ ነበር!" ብላ ዘጋችብኝ።

አባቶቻችን ከዚያ ወዲያ ደጃፍ ላይ ካርታ እየተጫወቱ ይሳሳቃሉ። እኔና ፋጡማ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን እናኮርፋለን።

"እናንተ ልጆች፣ ምን አጣላችሁ?" ይሉናል ደግሞ!