ለጎርፍ ደረጃ የሚያወጡት ጋሽ ኩመራ

በየሰፈሩ ጡረታ የወጣ፣ ጡረታውን ግን ያልተቀበለ አንድ ሰው አይጠፋም። መምህር የነበረ እንደሆነ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የለቅሶ ማስታወቂያ በቀይ እስክሪብቶ ያርማል። ትራፊክ ፖሊስ የነበረ እንደሆነ የልጅ ልጆቹን በእጅ ምልክት ወደ እራት ያሳልፋል። ለእኛ ለጅማ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ሰዎች የደረሰን ቡና ቀማሽ ነው።

ክቡር ጋሽ ኩመራ ሠላሳ አንድ ዓመት አጋሮ ላይ ቡና ሲያሸቱ፣ ሲቀምሱና ደረጃ ሲያወጡ ኖረዋል። ጅማ መጥተው ከቤቴ ፊት ለፊት ሲገቡ ደረጃ የሚወጣለት ቡና አላገኙም። ያገኙት የመንገዱን ዳር ይዞ የሚወርደውን የጎርፍ ቦይ ነው። በእሱ ጀመሩ።

ዝናቡ ባባራ ቁጥር የሻይ ብርጭቆ ይዘው ይወጣሉ። ቦዩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብለው ይቀዳሉ፣ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ያነሳሉ፣ አፍንጫቸውን ያስጠጋሉ። ተመስገን ነው፣ አይቀምሱም። ከዚያ የየጎረቤቱን ደጅ እየጠሩ መንደሩ በሙሉ እንዲሰማ፣ "የፍሬሰላም ደጅ፣ ደረጃ ሦስት! ሳሙና አለበት!" ብለው ያውጃሉ።

በቡና ደረጃ አንድ ምርጡ ነው፤ የእኔ ደጅ ግን ከደረጃ አምስት ከፍ ብሎ አያውቅም። ጥፋቴ አንዲት አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ናት። ሌሊቱን ናፍጣና ዘይት ስታንጠባጥብ ታድራለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በር ላይ አጥባታለሁ። አንድ ቀን አልፈው ተርፈው "ከደረጃ በታች!" ሲሉ ሰማሁና ወጣሁ።

"ውሃው ነው ወይስ እኔ?" አልኳቸው።

"ለጊዜው መለየት አልቻልኩም" አሉኝ።

ነገሩ በዚሁ ቀልድ ሆኖ ይቀር ነበር፣ ጠይባ ባትኖር። ጠይባ ከሁላችንም በታች፣ ቦዩ የሚያልቅበት ላይ ነው ቤቷ። ለሰርግ አዳራሽ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ እያከራየች ልጆቿን ታሳድጋለች፤ የምታጥበውም በጓሮዋ የጉድጓድ ውሃ ነው። ክረምት ሲበረታ ታዲያ ጎርፋችን ቦዩን ሞልቶ ጉድጓዷ ውስጥ ይገባል። ካቻምና የአንዲት ሙሽራ ጠረጴዛ ናፍጣ ናፍጣ ሸተተ። የአዳራሹ ባለቤት አርባ የጠረጴዛ ልብስ መለሰባትና አንድ ጊዜ ከተደገመ ሌላ ሰው እንደሚፈልግ ነገራት።

"ወላሂ አምስቴ አጥቤዋለሁ!" እያለች መንገዱ ላይ አለቀሰች። የማን ናፍጣ እንደሆነ የጠየቀ የለም። ሁሉም ግን ወደ ፒካፔ አየ።

ጋሽ ኩመራ የዚያን ቀን ደረጃ አላወጡም። አካፋ ይዘው ወጡ። አጋሮ አካባቢ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ቆሻሻ ውሃቸውን በሳር ውስጥ አሳልፈው ሲያጣሩ አይተዋል። "ጎርፍ ሲሮጥ ቆሻሻውንም ይዞ ይሮጣል። አዘግዩት፣ እዚያው ይጥለዋል" ብለው መንደሩን አሰለፉት። ቦዩን አስፍተን ጠጠር አለበስነው። ለነገሩ ጠጠሩም ደረጃ ወጥቶለታል። ዳርና ዳሩን ሥሩ ወደ ታች የሚጠልቀውን ረጅሙን ሳር፣ ቬቲቨርን ተከሉ። ከጠይባ ጉድጓድ በላይ ደግሞ ውሃው ተኝቶ የሚያርፍበት ሰፊ ገንዳ አስቆፍረው ቀጤማ ሞሉበት።

ስህተታቸው ቀጤማ መትከላቸው ነው። በዘመን መለወጫ ዋዜማ ፍሬሰላም ማጭድ ይዛ ወርዳ የገንዳውን ግማሽ አጨደችው። በማግስቱ ለምሳ ስትጠራቸው ጋሽ ኩመራ ደጃፏ ላይ ቆመው ቀሩ።

"ማጣሪያችንን አንጥፈሽው እንዴት ብዬ ልርገጠው?"

"ጋሼ፣ ቀጤማ አይደል እንዴ? ለበዓል ካልታጨደ ለመቼ ነው?"

መንደሩ በአንድ ድምፅ ከፍሬሰላም ጋር ቆመ፣ እኔም ጭምር። ጋሽ ኩመራ የዶሮ ወጡን ደጃፉ ላይ እንደቆሙ በሉ፤ ሁለት ጊዜ አስጨመሩ።

ቀጤማው መልሶ በቀለ። ዘንድሮ ነሐሴ ላይ፣ አንድ ዓርብ፣ ሰማዩ የተቀደደ እስኪመስል ዘነበ። ቅዳሜ ማለዳ ጠይባ ከጉድጓዷ አንድ ባልዲ ውሃ ቀድታ መጣች። እሁድ ትልቅ ሰርግ አለ፤ ስልሳ የጠረጴዛ ልብስ መታጠብ አለበት።

"ጋሼ፣ ማሎ፣ ያሽትቱልኝ። እኔ ፍርሃቴ ነው መሰል ሁሉም ነገር ናፍጣ ይሸተኛል። ልንከረው ወይስ ልተወው?"

ጋሽ ኩመራ በብርጭቆ ቀዱ፣ ወደ ብርሃን አነሱ፣ ጥርት ያለ ነው። አፍንጫቸውን አስጠጉ። ደግመው አስጠጉ። ከዚያ በእጃቸው ጠሩኝና ወደ አጥሩ ገለል አደረጉኝ።

"እስኪ አንተ አሽትተው።"

"እኔ? ከደረጃ በታች አይደለሁም እንዴ?"

አልሳቁም። "አፍንጫዬ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ጡረታ ያወጣኝም እሱ ነው።"

"ታዲያ ይሄ ሁሉ ደረጃ?"

"በዓይን። ያንተን ደግሞ መኪናህን እያየሁ። ለጨዋታ ዓይን ይበቃል፤ ለጠይባ አይበቃም።"

ሦስት ዓመት ሲያዋርዱኝ የኖሩት ሰውዬ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ። መጀመሪያ ለማነጻጸር በሌላ ብርጭቆ ከእኔ ደጅ ቀድቼ አሸተትኩ። ናፍጣ ነው፣ የማያወላዳ። ቀጥዬ የጠይባን። ሦስት ጊዜ አሸተትኩ፣ ናፍጣ የለም።

"ንከሪው!" አልኳት። "አልሀምዱሊላህ!" ብላ ባልዲውን ትታ ሮጠች። ስልሳውም ጨርቅ አንድም ወቀሳ ሳይሰማበት መመለሱን ያወቅነው ሰኞ ነው። እኔ የማልረሳው ግን የቅዳሜውን ነው።

ጠይባ ከሄደች በኋላ ጋሽ ኩመራ እዚያው አጥሩ ሥር ቀረት አሉ። እንዲህ እንደምወዳቸው ለራሴም ነግሬው አላውቅም ነበር።

"ናፍጣ ከሌለው ምን አለው?" አሉኝ።

"ሥር ሥር ይላል።"

"ኤዬ፣ አዎ፣ የቬቲቨሩ ነው። ሥሩ ጥሩ ይሸታል ሲሉ ሰምቻለሁ። በእጄ ስተክለው ምንም አልሸተተኝም።" ወደ ብርጭቆው ጎንበስ ብለው፣ "እንዴት ነው ሽታው?"

እኔ ለሽታ ቃል የለኝም። "ዝናብ የመታው አፈር… አዲስ የተፈለጠ እንጨትም አለበት" አልኳቸው።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ቀጥል" አሉ።

ብርጭቆውን አነሳሁና እንደገና አሸተትኩላቸው።