ሊቀ ዝርዝር
በምድር ላይ ነገር አሳጥሮ የሚናገር ሰው ሊጠፋ ይችላል፤ ምንም ነገር እንዲቀር የማይፈልግ ሰው ግን ከየትኛውም ቢሮ፣ ከየትኛውም ዕድር አይጠፋም። ሰዓት ስትጠይቁት ሰዓቱን ማን እንደገዛለት ይነግራችኋል። መንገድ ስትጠይቁት፣ መንገዱ አስፋልት ሳይሆን በፊት ማን ማን ጭቃው ላይ እንደወደቀ ጭምር ሰምታችሁ ትሄዳላችሁ።

የእኛው የባሕር ዳሩ ቃለ ሕይወት ይባላል። በጣና ላይ ሰው በሚያጓጉዝ አንድ የጀልባ ማኅበር ቢሮ ውስጥ የኮምፒውተሩ ነገር በእሱ እጅ ነው። ተሳፋሪ ድረ ገጹ ላይ ቅጽ ሲሞላ «ተመዝግበዋል» የሚል ኢሜይል በራሱ ጊዜ እንዲደርሰው ያደረገው እሱ ነው። እኔ «ሊቀ ዝርዝር» የሚል ማዕርግ ሰጥቼዋለሁ፤ ቅር አላለውም። አባቱ ደቅ ደሴት ላይ የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ነበሩ፤ አንዱን ቃል ፈትተው ሲያበቁ «አንድም» ብለው ሌላ ፍቺ ይጨምራሉ፤ ከዚያም ሌላ «አንድም»። ልጁ ትርጓሜውን ትቶ ዳታቤዝ ተማረ እንጂ «አንድም»ን አልተወም።

መጀመሪያ ኢሜይሉ ስምና ቀን ብቻ ነበረው። ቃለ ሕይወት ዳታቤዙን ከፍቶ ሲያይ፣ ያ ሁሉ መረጃ ሥራ ፈትቶ መቀመጡ አሳዘነው። «ይችም አትቅር» ብሎ የወንበሩን ቁጥር ጨመረ። «ይችም አትቅር» ብሎ የጀልባውን ስም፣ የነጂውን ስም፣ የነጂውን የትውልድ ቀበሌ ጨመረ። ደልጊ የሚሄድ ሰው ጀልባው መቼ ቀለም እንደተቀባ ይነገረው ጀመር። በዓባይ ማዶ ሰፈር ጎረቤቴ የሆነችው መሲ «ኢሜይሉን አንብቤ ሳልጨርስ ደቅ ደረስሁ» ትላለች።

ለእኔ የደረሰኝ ግን ሌላ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ጓደኛዬ የነበረው ሕዝቅኤል የደቅ ልጅ ነበር፤ በየበዓሉ ጎን ለጎን ተቀምጠን እናቱ ዘንድ እንሄዳለን። ባረፈ በአርባው ስመዘገብ፣ ከኢሜይሉ ግርጌ «ባለፈው አብረዎት የተጓዙት፦ አቶ ሕዝቅኤል» የሚል መጣ። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሄድሁ።

«ሰውየው እኮ አርፏል» አልሁት ቃለ ሕይወትን።

«ዳታቤዙ መሞትን አያውቅም፣ ጋሼ። ላጥፋው?»

«ተወው።»

በመጨረሻ የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ የወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ትዕግሥት አለቀ። «ተሳፋሪው ትኬት እንጂ ድርሳን አልጠየቀም» አሉና፣ ከስም፣ ከቀንና ከሰዓት በቀር ሁሉም እንዲወጣ አዘዙ። ሊቀ ዝርዝርም ቃል በቃል ታዘዘ።

ይህ ሲሆን የሕዝቅኤል ሙት ዓመት ደረሰ። እናቱ እማማ አገርነሽ «ያላንተ ማዕዱ አይባረክም» ብለው ልከውብኛል። የደቅ ጀልባ በሳምንት አንዴ ነው፤ ሙት ዓመቱ ደግሞ በማግስቱ። ተመዘገብሁ፤ ባለሦስት መስመር ኢሜይል ደረሰኝ። «መነሻ፦ 7:00» ይላል። ድሮ በጠዋት ነበር የሚነሣው፤ ሰዓት ለውጠው ይሆናል ብዬ ምሳዬን ቀማምሼ በስድስት ሰዓት ተኩል ወደቡ ደረስሁ። ጀልባ የለም። ቃለ ሕይወት ብቻውን ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«ሄደ’ኮ ጋሼ። ብደውልልዎ ስልክዎም እምቢ አለኝ።»

«ሰባት ሰዓት አይደል የሚለው?»

«የኮምፒውተሩ ሰባት ሰዓት ነው፤ በእኛ ከጠዋቱ አንድ። በፊት ይህን የሚያስረዳ አንቀጽ ነበረው።»

«ሌሎቹስ እንዴት ደረሱ?»

«እነሱ ኢሜይሉን አላነበቡትም፤ እንደለመዱት በጠዋት መጡ። አንባቢው እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«አንቀጹስ የት ሄደ?»

«ወጣ።»

ቃለ ሕይወት በአንድ ቃል ሲመልስልኝ የመጀመሪያው ነው፤ ደነገጥሁ። ለካ ወንበሬ ባዶ መሆኑን አይቶ የአንድ ዘመዱን የዓሣ ማስገሪያ ሞተር ጀልባ አስጠብቆልኛል። አብሮኝም ተሳፈረ።

እስከ እኩል መንገድ ዝም አለ። እንዲህ ያለ ረጅም ሐይቅ አይቼ አላውቅም። አጠገቤ ያለው ቦታ የማን እንደነበር እያሰብሁ፣ ዝምታው ሲከብደኝ፣ ስሟን ከልጅነቴ የማውቃትን ደሴት አሳየሁት።

«ያችስ ማን ትባላለች?»

ስሟን ነገረኝ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «አንድም…» አለና ጀመረ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደቅ ደረስን፤ እሱ ግን ገና አልጨረሰም።

እማማ አገርነሽ ጉንጬን ስመው ከኋላዬ ያለውን አዩ። «ብቻህን አልመጣህም፤ ተመስገን» አሉ። ማዕዱም በማግስቱ እኔ ባለሁበት ተባረከ።

ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል የሰዓቱ አንቀጽ ብቻ ወደ ኢሜይሉ እንዲመለስ ፈቀዱ። ሰሞኑን ለበዓል ተመዘገብሁና የመጣልኝን ከፍቼ አየሁ። ሰዓቱ አለ፣ ፍቺውም አለ። ከግርጌ ግን ማንም ያልፈቀዳት አንዲት መስመር ሾልካ ገብታለች፦

«ባለፈው አብረዎት የተጓዙት፦ አቶ ሕዝቅኤል፤ አንድም ቃለ ሕይወት።»