ፕሮጀክቱ ኸላስ፣ ሙቀቱ እንዳለ

ወንድ ልጅ ለመጀመርና ለመጨረስ እንጂ ለመንከባከብ አልተፈጠረም! አትቆጡኝ... ስልጠና ወስጄ ነው።

የምሠራበት ድርጅት እዚሁ ሱዳን ዋና ከተማ፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር ሦስት ቀን አስቀምጦ የፕሮጀክት አመራር አስተማረኝ። አሰልጣኙ፣ “ፕሮጀክት መጨረሻ አለው፤ የምርቱ ዕድሜ ግን ያኔ ነው የሚጀምረው። ያድጋል፣ ይጎለምሳል፣ አርጅቶ ከገበያ ይወጣል” ሲል እኔ የሰማሁት “መጨረሻ አለው” የምትለዋን ብቻ ነው። ለምሳ ሰዓት ትንሽ ነበር የቀረው።

በዚያው ሰሞን አማቴ እማማ ዘውዲቱ ከጎንደር ሊመጡ ሆነ። ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ያለው ቤታችን ደግሞ እሳት ነው። “ስምንት ዓመት ነው ያላየኋት! በሙቀቱ ተማርራ በሦስተኛው ቀን ብትመለስብኝስ?” ብላ ባለቤቴ ጽጌ እንባዋ መጣ። አንጀቴን በላችው።

ወዲያው የሙከይፍ ፕሮጀክት ከፈትኩ፤ ያ በጭድ ላይ ውሃ እያንጠባጠበ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋው ሣጥን። ዕቅድ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ተቃውሞ የወጡ ወጣቶች ጎማ የሚያቃጥሉበትን መንገድ ሁሉ እየሸሸሁ ፓምፑንና ጭዱን ገዛሁ። ገጠምኩ... ነፋ! ጽጌን የርክክብ ወረቀት አስፈርሜ፣ “ፕሮጀክቱ ኸላስ፣ አለቀ!” ብዬ አጨበጨብኩ።

ሱዳናዊው ጎረቤታችን ሐሰን ከአጥር ማዶ ሳቀ። “ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ እኛም ፕሬዚዳንቱ ከሥልጣን የወረደ ዕለት ኸላስ ብለን ጨፍረን ነበር። ይኸው ዛሬም የዳቦ ሰልፍ ላይ ነን።”

ምቀኛ ነው ብዬ አለፍኩት።

እማማ በገቡ በማግስቱ ሙከይፉ ትኩስ አየር ይተፋብን ጀመር። ለካ ውሃ ይሞላለታል! ያውም በየቀኑ!

“አንተ ልጅ፣ ይኼ ነገር ሙቀት ነው እንዴ የሚያመርተው?” አሉ እማማ፣ በነጠላቸው እያራገቡ።

“የእኔ ፕሮጀክት ተዘግቷል እማማ። አሁን ያለነው የምርቱ ዘመን ላይ ነው።”

“ታዲያ ምርቱን ማነው የሚጠብቀው?”

“እሱ... ዕቅዱ ላይ የለም።”

“ሰርግህም ፕሮጀክት ነበር በለኛ! ድንኳኑ ሲነቀል ዘጋኸው?”

ጽጌ አልሳቀችም። “እማዬ፣ ሻንጣሽ ውስጥ ለእኔ ልብስ የሚሆን ቦታ አለ?” አለች።

ወዳጄ፣ ባልዲ አንስቼ ወደ በርሜሉ የሮጥኩትን ሩጫ ብታይ! ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ እሞላለሁ፣ ጭዱን አጥባለሁ፣ ፓምፑን እጠርጋለሁ። ጽጌ ፊቷ ፈካ። እማማም “በረደኝ” እያሉ ጋቢ መደረብ ጀመሩ።

ዛሬ ሁለት ወር ሞላቸው። ጠዋት ሙከይፉን በፍቅር ሲዳብሱት ደረስኩባቸው።

“ልጄ፣ በደንብ ከተያዘ ስንት ዓመት ያገለግላል?”

“ኧረ አሥር ዓመት አያንሰውም!” አልኩ፣ በሥራዬ ኮርቼ።

“ተመስገን” አሉ እማማ። “እስከዚያ እዚሁ አለሁ።”