ወደቁ፣ ተነሡ፣ ወረቀቱስ?

ሰው ሁሉ «አለፈ!» ብሎ ላቡን ሲጠርግ፣ «መች ተጀመረና?» የሚል አንድ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። በአረጋውያን መጦሪያው ይህን ሹመት የያዙት ዋናዋ ነርስ ናቸው። ሠራተኛው በሌሉበት «እሜቴ ወረቀት» ይላቸዋል።

አዲሷ አስታማሚ ሥራ በጀመረች ሳምንት ስማቸው ለምን እንደወጣ ገባት። አንድ አዛውንት ይወድቃሉ፣ ይመረመራሉ፣ «እግዜር አተረፈዎ» ይባላሉ። ሌላው ወደ ሻዩ ሲመለስ እሜቴ ወረቀት ብዕራቸውን ከጆሯቸው ኋላ ይመዛሉ። «ወረቀቱስ?» ሰዓቱ፣ ጫማው፣ መብራቱ ተጽፎ የእንክብካቤ ዕቅዱ ካልታደሰ ሻይ ብሎ ነገር የለም። አንዲት እናት ከሶፋ ተንሸራተው ትራስ ላይ ቢያርፉ እንኳ ነርሷ አዲስ ገጽ ገለጡ። «ዕቅድ እንደ ወተት ነው፤ ካደረ ይበላሻል።»

አስታማሚዋ በሆዷ «አበዙት!» ትል ነበር።

ታዲያ የስድስት ቁጥር ክፍሉ ጡረተኛ ሾፌር በአንድ ሳምንት ሦስቴ ወደቁ። ሥራ አስኪያጁ «ከነገ ጀምሮ የአልጋው የጎን መከለያ ከፍ ብሎ ይዘጋ፤ መውረድ ይቅርባቸው» አሉ። ሾፌሩ ደግሞ በእግራቸው መስኮቱ ድረስ ሄደው የሚያልፈውን መኪና ካልተቹ ቀኑ አይመሽላቸውም።

«አስራችሁ ልታስቀምጡኝ ነው?»

«ጋሼ፣ ምን ሊያደርጉ ተነሡ?» አሉ እሜቴ ወረቀት።

«መነጽሬን ላነሣ! ወንጀል ነው?»

እሜቴ ወረቀት ጫማቸውን አውልቀው አልጋው ላይ ጋደም አሉ። አስታማሚዋ ሳቋን ዋጠች። ሴትዮዋ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው በግራ በኩል፣ መነጽሩ ወዳለበት ኮመዲኖ ሊወርዱ ሞከሩ። የሚደገፉበት አጡ።

«ይኸው! ዕቅዱ የተጻፈው የጋሼ ግራ እጅ ሳይዝል ነው። ከዚያ ወዲህ ማን ነካው?»

ያን ዕለት አልጋው ዞረ፣ ኮመዲኖው በቀኝ ሆነ፣ ዕቅዱ ታደሰ። ሥራ አስኪያጁ «እስቲ ሁለት ሳምንት እንየው» አሉ።

በሁለቱም ሳምንት ሾፌሩ አልወደቁም። በአሥራ አምስተኛው ቀን የወደቁት እሜቴ ወረቀት ናቸው። መከለያው እንደማያስፈልግ የሚገልጸውን ገጽ እያነበቡ ሲገቡ የአልጋው እግር ጠለፋቸውና ዘጭ አሉ።

ሾፌሩ ከመስኮቱ ዞሩ። «ውይ ሲስተር፣ ተረፉ? ... ወረቀቱስ?»

አስታማሚዋ አንሥታ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ጉልበታቸውን ዳሰሰች። ከዚያ ብዕሩን ከጆሯቸው ኋላ መዘዘችው።

«ሰዓቱን እንዳትረሺ» አሉ ጉልበታቸውን እያሹ።

ሰዓቱን ጻፈች፤ ጫማውንም። «ዕቅድ» የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ ጥቂት አሰበችና ሞላችው፦ «ብቻቸውን አይተዉ። ያለ እሳቸው እዚህ ቤት ቀጥ ብሎ የሚሄድ የለም።»