ሊቀ ጣሪያ አዛናው

በዓለም ላይ አንድም ቤት ያለ እርሱ ተሠርቶ አያውቅም። አናጺው ሊቀር ይችላል፣ እንጨቱም ሊያጥር ይችላል፤ እርሱ ግን አይቀርም። የምሰሶው ጉድጓድ ገና መማስ ሲጀምር ከየት መጣ ሳይባል ከች ይላል። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ አንገቱን ቀና ያደርግና ወደ ላይ ያያል። እንጨት አያቀብልም፣ ጭቃ አይረግጥም፣ ገመድ አይስብም። የሚያቀብለው ምክር ብቻ ነው፤ እርሱን ግን ሳይሰስት ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መንደር አውቃለሁ የሚል ካለ፣ መንደሩን ደህና አድርጎ አላየውም።

የመተማው አዛናው ይባሉ ነበር። አገሬው ደግሞ «ሊቀ ጣሪያ» የሚል ማዕረግ ጨምሮላቸዋል። ሹመቱን የሰጠ ንጉሥ የለም፤ ስለዚህ የሚሽርም አልተገኘም። ሊቀ ጣሪያ አዛናው በወጣትነታቸው ከጭልጋ ወርደው ከከተማው ወጣ ብሎ ሰሊጥና ማሽላ የሚያርሱ፣ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ስለ ጣሪያ ሲያስተምሩ ኖረው ጣሪያ ላይ ወጥተው ያያቸው ሰው አልነበረም። ለምን አይወጡም ብሎ የሚጠይቅ ደፋር ቢገኝ፣ «ላይ ያለ ሰው ምን ይታየዋል? የራሱን ጉልበት ነው የሚያይ» ይሉታል። ጠያቂው መልስ እስኪያዘጋጅ እሳቸው ወደ ሌላ ቤት ሄደዋል።

ንግግራቸው ሁሉ «እኔ ብሆን» ብሎ ይጀምራል። የግመል ነጋዴው የኢሳ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፈር፣ «እኔ ብሆን ሁለት ክንድ ወደዚያ ነበር የምቆፍር» አሉ። ውሃው ወጥቶ ሰው እልል ሲል፣ «ሁለት ክንድ ወደዚያ ቢሆን ኖሮ ከዚህ ይጣፍጥ ነበር» ብለው ሄዱ። የሠርግ ዳስ ሲጣል ደግሞ፣ «እኔ ብሆን ሙሽራ አላስገባበትም፤ ወደ ሱዳን፣ ወደ ገላባት አዘንብሏል» አሉና ሰው አጠራጠሩ። ሚዜዎቹ ሙሽራይቱን በፀሐይ ደጅ አቁመው መካከለኛውን ምሰሶ ነቅለው ተከሉት። ዳሱ ያን ጊዜ በእርግጥ ወደ ገላባት አዘነበለ።

ከሁሉም የሚወራላቸው ግን የድልድዩ ነገር ነው። ጣሊያኖች መተማ እንደገቡ ወንዙ ላይ ድልድይ ይሠሩ ጀመር። ሊቀ ጣሪያ ሄደው መሐንዲሱ ፊት ቆሙና አስተርጓሚውን፣ «ንገረው፤ ድልድዩ ጠማማ ነው። እኔ ብሆን አፍርሼ ነበር እንደ አዲስ የምጀምር» አሉት። አስተርጓሚው አንገቱን የሚወድ ሰው ነበርና፣ «እኒህ ሽማግሌ ሥራችሁ አስደንቋቸው ሊመርቋችሁ መጡ» ብሎ ተረጎመው። መሐንዲሱ ደስ አለውና አንድ ሲጋራ ሰጣቸው። አዛናው ትምባሆ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። ቢሆንም ሲጋራዋን ጥምጥማቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ «ጣሊያኑ እንኳ አምኖልኛል» እያሉ ወር ሙሉ ለሰው ሲያሳዩ ከረሙ።

እንግዲህ ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ ዘሊካ ደጅ ብቅ ያሉት እኒህ ሰው ናቸው።

ዘሊካ ጨው ነጋዴ ናት። ባሏ ሲሞት የተወላት አንድ የድንጋይ መጋዘን ነው። የመተማ ቤት ሁሉ ሣር በነበረበት ዘመን ሟቹ ከሱዳን በግመል ቀይ ሸክላ አስጭኖ የከደነው ነው። ሸክላው ለሁለት የተሰነጠቀ ቅል ይመስላል። አንዱ በጀርባው፣ አንዱ በሆዱ እየተኛ ይደረደራል፤ መገጣጠሚያው በጭቃ ይያዛል። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ሸክላው ተሰነጣጠቀ፤ ማገሩንም ምስጥ በላው። ባለፈው ክረምት አሥር ጆንያ ጨው ቀልጦ በበሩ ሥር ሲፈስ የሰፈሩ ከብት ተሰብስቦ ላሰው። ዘሊካ ከብቶቹን በዱላ ስታባርር ውላ ማታ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ዘንድሮ አርባ ጆንያ አላት። ያላትን ሁሉ እዚያ ላይ አውላዋለች። መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ጨው ሲጠፋ ልትሸጠው ነው። ሌላ የምታኖርበት ቤት የለም፤ ደህና ደህናውን መጋዘን ወታደር ሰፍሮበታል። ጣሪያው ዝናም ሳይገባ ካልተቀየረ ዘሊካ ከእንግዲህ ነጋዴ አይደለችም። ይህን ስታስብ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር።

ደግነቱ ገላባት ውስጥ አንድ የጥጥ መጋዘን ፈርሶ ኖሮ ኢሳ ሸክላውን በግመሎቹ አመጣላት። ሥራውን የያዘው ጀይሉ ነው። ጀይሉ እጁ የተባረከ የሣር ቤት ከዳኝ ነው፤ ሸክላ ግን ነክቶ አያውቅም። በመጀመሪያው ቀን አሮጌውን ሸክላ ገና ማውረድ ሲጀምር ከታች ድምፅ ሰማ።

«እኔ ብሆን ከወዲያኛው ጫፍ ነበር የምጀምር።»

«አያ አዛናው፣» አለ ጀይሉ ዞር ብሎ ሳያይ፣ «ከዚህም ቢጀመር መድረሻው እዚያው ነው።»

«መድረሱንማ ይደርሳል። ነገሩ እንዴት ሆኖ ይደርሳል ነው።»

ዘሊካ ጭንቅ አላት። ሽማግሌ ከደጅ አይባረርም። አፋቸው ይያዝ ብላ ተምር በሰሐን አቀረበችላቸው። ይህ ከስህተቶቿ የመጀመሪያው ሆነ። ሊቀ ጣሪያ ተምሩን እየበሉ የተጣመመ ማገር ባዩ ቁጥር ፍሬውን ወርወር ያደርጉበት ጀመር። እስከ ቀትር ድረስ ሦስቱ ጀይሉን አናቱን አገኙት። ጀይሉም ይህ ሰው ነገ ከመጣ እኔ አልመጣም ብሎ ምሎ ሄደ፤ በማግስቱ ሁለቱም መጡ።

ወራጁ ተቀየረ፣ ማገሩ ተመታ፤ ሸክላው የሚያርፍበት ጭቃ ሊቦካ ሆነ። ጭቃ ደግሞ ጭድ ይፈልጋል። ደጋ ቢሆን የጤፍ ጭድ ነበር፤ ቆላ ላይ ጤፍ ከየት ይምጣ? የማሽላውንም ገለባ ከብቱ በበጋው ጨርሶታል። ጀይሉ ራሱን እያከከ ቆመ።

«ሰሊጥ!» አሉ ሊቀ ጣሪያ።

«ምን ሰሊጥ?»

«የሰሊጥ ገለባ። ስማኝ፣ ሰሊጥ ዘይት አለው አይደል? ዘይትና ውሃ ደግሞ አይዋደዱም። ጭቃውን በሰሊጥ ገለባ ብታቦካው ዝናሙ ገና ሲያየው ይሸሻል። እኔ ብሆን ሌላም አልፈልግ።»

ዘሊካ አሰበችው። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። የእኒህ ሰውዬ አደጋቸው ይሄው ነው፤ አሥር ጊዜ ያላመናቸው ሰው በአሥራ አንደኛው ያምናቸዋል። ደመናው ደግሞ በሱዳን በኩል መጥቆር ጀምሯል። «ይሁን» አለች። አዛናው በማግስቱ ገለባቸውን በሦስት አህያ ጭነው በነጻ አመጡላት። የመንደሩ ሰዎችም ሊቀ ጣሪያ ለአንድ ቤት ሥራ ከምክር ሌላ ነገር ሲሰጡ ያዩት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ጣሪያው ባለቀ በሦስተኛው ቀን ዝናም ወረደ። ዘሊካ ከጆንያዎቿ መካከል ቆማ ጆሮዋን ቀሰረች። ጠብ የሚል የለም። ስትወጣ አዛናው ደጅ ላይ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ እንዳጣመሩ፣ እስከ አጥንታቸው በስብሰው ጣሪያውን ያያሉ።

«አላህ ይስጥልኝ፣ አያ አዛናው!»

«ብያለሁ እኮ» አሉ ውሃው ከጢማቸው እየወረደ።

ለዐሥር ቀን ያህል መተማ ውስጥ የሚሰማው የሰሊጥና የዘይት ነገር ብቻ ሆነ። ከዚያ አንድ ጠዋት ዘሊካ አንዲት ፍየል መጋዘኑ ጥግ ቆማ ወደ ላይ ስታንጋጥጥ አየች። ፍየል ያለ ምክንያት አታንጋጥጥምና ዘሊካም ቀና አለች።

ጣሪያው ለምልሟል። በየሸክላው መገጣጠሚያ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ መስመሩን ጠብቆ፣ ለጋ ሰሊጥ በቅሏል። አዛናው ገለባውን ሲያበጥሩ ያልለቀቀው ፍሬ ሁሉ ጭቃና ዝናም ሲያገኝ ሌላ ምን ያድርግ? በመተማ ገበሬው ገና እርሻውን እያለሰለሰ ነበር። የዓመቱ የመጀመሪያ ሰሊጥ የዘሊካ ጣሪያ ላይ ነው የበቀለው። ሰው ሊያይ መጣ። አንዱ አዝመራሽን አላህ ይባርክልሽ አላት። ሌላው ወፍ ጠባቂ ቀጥረሻል ወይ ብሎ ጠየቃት። ዘሊካ ግን ሥሩ ጭቃውን እየሰነጠቀው መሆኑን አይታለች፤ አልሳቀችም።

አዛናውም መጡ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ብዙ ጊዜ ሲያዩ ቆዩና፣ «እኔ ብሆን...» ብለው ጀመሩ፤ እዚያው ላይ አቆሙ። ያደረጉት እሳቸው ነበሩና።

በማግስቱ የመጀመሪያው ጠብታ ጆንያ ላይ አረፈ። ጀይሉ ለእርሻው ወደ ሽንፋ ሄዷል፤ ወንዙ ሞልቶ የሚያሻግር የለም። ጉልበት ያለውን ወጣት ሁሉ ጣሊያን ለመንገድ ሥራ ወስዶታል። ደመናው እንደገና እየተከመረ ነው። ዘሊካ በእበት ጭቃ አቦካች፣ መሰላሉን አስጠጋች፣ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ሁለት እርከን ወጣች።

«ውረጂ፣ እቴ ዘሊካ።»

አዛናው ከኋላዋ ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«አንቱ ይተዉት፣ አያ አዛናው። እኔ እወጣለሁ።»

«ውረጂ ብያለሁ። ጨውሽን ያስበላሁት እኔ ነኝ።» መሰላሉን ያዙት። «ከፍታ ያዞረኛል» አሉ ቀስ ብለው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ለሰው ተናግሬው አላውቅም።»

ዘሊካ ከመሰላሉ ወርዳ ቦታ ለቀቀችላቸው። በእያንዳንዱ እርከን ላይ «በስመ አብ» እያሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ወጡ። ጣሪያው ላይ በሆዳቸው ተኙ። ዘሊካ ጭቃውን በቅል አድርጋ በገመድ አቀበለቻቸው። አዛናው ግን ዓይናቸውን አልገለጡም። በዳበሳ ነበር ሰሊጡን የሚነቅሉት።

«ወደ ቀኝ!» አለች ዘሊካ ከታች። «ትንሽ ወደ ቀኝ። አዎ እሱን! ጉልበትዎን እዚያ አያሳርፉ፣ ይሰበራል! ከክንድዎ ሥር አንድ ቀርቷል። እሱን አይደለም፣ ከሱ በታች!»

«እሺ» ይላሉ ሊቀ ጣሪያ። «እሺ፣ እቴ ዘሊካ። ይሄን ነው?»

ሲወርዱ እኩለ ቀን አልፏል። እጀ ጠባባቸው ተተልትሎ፣ ጉልበታቸው ደምቶ፣ ጢማቸው እበት ሆኗል። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሲያይ ነበርና አንዳንዱ ሳቀ። ዝናሙ ወዲያው መጣ፤ ከአርባው ጆንያ የረጠበው አንዱ ብቻ ሆነ። ዘሊካ ልታመሰግናቸው ከመጋዘኑ ስትወጣ አዛናው ሄደዋል።

ከዚያ ወዲያ ዝም አሉ። ሐምሌ አለፈ፤ ነሐሴ አለፈ። ኢሳ ማድቤት ሲያሠራ ሰው ከሥሩ ሳይቆምበት አለቀ፤ ቀና ይሁን ጠማማ የነገረው የለም። ዘሊካ ገበያ ላይ አግኝታቸው፣ «አያ አዛናው፣ ጨው ለሚጭኑልኝ ግመሎች መጠለያ ልሠራ ነው፤ በየት በኩል ላድርገው?» አለቻቸው።

«እናንተ ታውቃላችሁ» አሉ ዓይናቸውን ሰብረው።

ዘሊካ ልቧ ክፉኛ ደነገጠ። ያንን ሁሉ ጊዜ ምነው ዝም ባሉልኝ ስትል የኖረች ሴት፣ ዝም ሲሉ መስማት አልቻለችም። የእሷን ጨው ለማትረፍ ሲሉ የዕድሜ ልክ ምሥጢራቸውን በሰው ፊት አውጥተው ነው የሄዱት። እሷ ጨውን ሸጣ ነጋዴ ሆና ቀረች፤ እሳቸው ግን «እኔ ብሆን» የምትለዋን አንዲት ንግግራቸውን አጡ።

መስከረም ላይ ወንዙ ጎድሎ ጀይሉ ከሽንፋ ሲመጣ አስጠራችው።

«የመጋዘኑን በር አውርደህ እንደገና ስቀልልኝ።»

«በሩማ ደህና ነው፣ እቴ ዘሊካ።»

«አውቃለሁ። ጠማማ አድርገህ ስቀለው።»

ጀይሉ ቀና ብሎ አያት። «ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው አይደለም፤ አንድ ሰው ነው አንድ ነገር እንዲል የምፈልግ።»

በማግስቱ አዛናውን በብዙ ልመና አመጣቻቸውና ጥላ ሥር አስቀመጠቻቸው። ከዚያም በሩን ከፈተች። በሩ ደፉን እየፋቀ፣ እንደ ታመመ ግመል እያቃሰተ ተከፈተ።

«እንዴት ነው፣ አያ አዛናው?»

«ደህና ነው።»

ዘጋችው፤ አልዘጋ አለ። በትከሻዋ ገፋችው። እንደገና ከፈተችው። አዛናው መሬት መሬት ያያሉ፤ ጣቶቻቸው ግን በትራቸው ላይ መቁነጥነጥ ጀምረዋል። መዶሻውን ይዞ አጠገባቸው የቆመው ጀይሉ ሳቁን ለመደበቅ ዞር አለ። ዘሊካ ለአራተኛ ጊዜ ስትገፋው የበሩ አናት ጉበኑን መትቶ አፈር ራሷ ላይ አራገፈ።

«ኧረ በማርያም!» አሉ አዛናው ብድግ ብለው። «ማነው ይህን በር የሰቀለ?»

«እኔ ነኝ ያሰቀልሁት» አለች ዘሊካ፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

አዛናው መዶሻውን ከጀይሉ እጅ ተቀበሉት። በሩ አጠገብ ቆመው ከላይ እስከ ታች ዳበሱት።

«ያዢልኝ።»

ያዘችላቸው።

«ከፍ አድርጊው። ከዚያ በላይ። ኧረ ምን ሆነሻል፣ ወደዚህ እንጂ!»

«እሺ» አለች ዘሊካ። በሩ ከባድ ነው፤ ክንዷ ዝሏል፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ ትስቃለች። «እሺ፣ አያ አዛናው። ሌላስ?»