ብርሃን በጠባብ ደጅ

ትናንት በዓይን ሐኪም ቤት አግዳሚ ላይ ተራዬን ስጠብቅ ሸለብ አደረገኝና ሕልም አየሁ። ጊዜው የፍልሰታ ጾም ነው፤ ድጓዬን ማንበብ የነሣኝን ዓይኔን በሌዘር ሊተኩሱልኝ፣ አምስት ወር የጠበቅሁት ቀጠሮ ደርሶ ነበር።

በሕልሜ ሐኪሞቹ ካርድ ይዘው ተሰልፈዋል፤ ሕሙማኑ ነጭ ጋዋን ደርበው ስም ይጠራሉ። ድጓዬ መነጽር አድርጎ እኔን ያነብ ነበር። «ይህ ገጽ ደብዝዟል» አለና ተክዞ ከደነኝ።

ወዲያው በገዛ ዓይኔ ብሌን ደጃፍ በረኛ ሆኜ ቆምሁ። የብርሃን ጭፍሮች በአንድ ሰልፍ መጡ፤ እንደ መዘምራን ትከሻ ለትከሻ ገጥመዋል፤ የመካከሎቹ ደማቆች፣ የዳሮቹ ፈዛዞች ነበሩ። መሪያቸው መቋሚያውን ተደግፎ፣

«መሪጌታ፣ መንገዱ አድክሞናል። የታመመውን የደም ሥር የምንተኩሰው ሁላችንም ከገባን ነው፤ ደጁን ያስፉልን» አለኝ።

«አርባ ዓመት ጠባቡን ደጅ የሰበክሁ ሰው ዛሬ ሰፊውን ልክፈት?» ብዬ ጥቂት አጠበብሁት። የዳሮቹ ግድግዳውን ገጭተው ቀሩ።

«ግድ የለም፣ ፈዛዞቹ ናቸው» አለ መሪው።

ደግሜ አጠበብሁት።

«ኧረ በእመቤታችን! አሁን የቆረጡት እኮ ከደማቆቹ ነው፤ እኩሌታ ኃይላችን ውጭ ቀረ!»

«ውጭ የቀረው ምን ይሠራል?»

«ግድግዳዎን ያሞቃል፤ ሌላ ምን ይሠራል!»

እኔ ግን ለጽድቅ መስሎኝ ደጁን የመርፌ ቀዳዳ አሳከልሁት። መሪው ብቻውን ሾልኮ ገባ፤ የታመመው ሥር አጠገብ ደርሶ ቁጭ አለ።

«ብቻዬን ምኑን ልተኩስ? የጧፍ ያህል እንኳ ሙቀት የለኝም» አለና መቋሚያውን አጋደመ።

ያን ጊዜ ሲስተር ትርንጎ ትከሻዬን ነቅንቃ ቀሰቀሰችኝ። በትንሽ ባትሪ ዓይኔን አይታ ደነገጠች።

«መሪጌታ፣ ብሌንዎ ጭራሽ አልሰፋም! ሌዘሩ በየት በኩል ይግባ? ማስፊያውን ጠብታ ሁለቴ አድርጌልዎ አልነበረም?»

«ጾም አይደል ልጄ! መራራው ወደ ጉሮሮዬ ወርዶ እንዳያስገድፈኝ ፈርቼ፣ ፊትሽን ባዞርሽ ቁጥር በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት።»

ከንፈሯን መጠጠችና መዝገቡን ገለጠች።

«ሐኪሙም ሊወጡ ነው። ሌላ ተራ የሚገኘው መጋቢት አጋማሽ ላይ ነው።»

በጣቴ ቆጠርሁ። መጋቢት አጋማሽ ዐቢይ ጾም ነው።